«በሌዘር እናጸዳዋለን» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሩት ካናል በሚባለው የጥርስ ሥር ሕክምና «በሌዘር እናጸዳለን» ወይም «በአልትራሳውንድ እናጸዳለን» ሲባል ብዙ ሰው ኬሚካሉ የቀረ ይመስለዋል። አልቀረም። ዋናው ጀርም ገዳይ ዛሬም ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ በረኪና ውስጥ ያለው ያው ንጥረ ነገር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 6 በመቶ ሆኖ ተበጥብጦ። አዲሶቹ መሣሪያዎች በአብዛኛው ይህንኑ ፈሳሽ ያናውጡታል፤ የሐኪሙ መሣሪያ ወደማይደርስባቸው ቀጫጭን ቀዳዳዎች እንዲገባ።

ስለዚህ የድሮው ስጋት አብሮ አለ። ፈሳሹ ከሥሩ ጫፍ አልፎ ከወጣ ኃይለኛ ሕመምና እብጠት ያመጣል፤ መርፌው ሳይቀረቀር ቀስ ተብሎ የሚረጨው ለዚህ ነው። ጥርሱ ላይ የሚወጠረው ላስቲክ ደግሞ ወደ አፍና ጉሮሮ እንዳይፈስ ይከላከላል።

ሌዘር የሚጨምረው ሌላ ስጋት ሙቀት ነው። አጥንት 47 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ1 ደቂቃ ከቆየበት ሊጎዳ ይችላል። ጨረሩ በደረቀ የጥርስ ሥር ቦይ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ሙቀቱ ይከማቻል፤ ፈሳሽ ሲኖርና ጫፉ ሲንቀሳቀስ ግን ይቀንሳል። ቦዩ ውስጥ ቀለም ጨምሮ በብርሃን ጀርም የሚገድለው ሌላው ዘዴ ለዘብ ያለ ነው፤ የሞተ ሥጋ ግን አያሟሟም።

ሐኪምዎን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ሌዘሩ ከፈሳሹ ጋር ነው ወይስ በፈሳሹ ፈንታ?