ከባለክራር ደብተር ፎንት ሲወጣ፦ ደሴ ላይ የምሰማቸው የተሳሳቱ ግምቶች

አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ በደሴና በሐይቅ ዙሪያ ሰርግ ላይ ክራር ሲጫወት ኖረ። ሲያርፍ ክራሩን ልጁ ወሰደው። ለእኔ የደረሰኝ የግጥም ደብተሩ ነው፤ ባለ 50 ሉክ፣ በሰማያዊ እስክርቢቶ የተጻፈ። ከእጅ ጽሑፉ የኮምፒውተር ፎንት፣ ማለትም ስንተይብ የሚወጣውን የፊደል መልክ፣ እየሠራሁ ነው። ይህን የሰማ ሁሉ ምክር አለው። ምክሩ ከፍቅር ቢመጣም ብዙው ልክ አይደለም።

«ስካን አድርገው፤ ሌላውን ኮምፒውተሩ ይጨርሰዋል።»

ስካን የሚሰጠን ፎቶ ነው። ፎቶ ሲተልቅ ይደበዝዛል። ፎንት ውስጥ ያለው ፊደል ግን በነጥቦችና በመስመሮች የተሳለ ቅርጽ ስለሆነ ለሰርግ ካርድም ለትልቅ ባነርም እኩል ይጠራል። እኔ የምሠራው ፎንትፎርጅ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው። ጠርዙን ተከትሎ ይስልልኛል፤ ቀለሙን ከቆሻሻው ግን አይለይም። ደብተሩ ላይ የነበረችን የቡና ጠብታ ለ«ለ» ሦስተኛ እግር አድርጎ አመጣት። እንዲህ ያለውን አንድ በአንድ በእጅ ማጽዳት ግድ ነው።

«አንድ ገጽ ግጥም ካለህ ይበቃሃል።»

በጣም የሚያደክመኝ ይሄኛው ነው። የእንግሊዝኛ ፎንት ትልቁና ትንሹ ተደምሮ 52 ፊደል ነው። የእኛ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም። እስቲ የአራቱን ቅኝቶች ስም ጻፉ፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ለኔ። ሁለቱ የወሎ አገር ስሞች ናቸው። ተደጋጋሚው ሲወጣ 15 ፊደል ብቻ ታገኛላችሁ። 216 ቀረ ማለት ነው።

ያልተገኘውን ከተገኘው መሥራት ይቻላል፤ ግን የጸሐፊውን ጠባይ ማወቅ ይፈልጋል። «ሉ» ከሌለ «ቡ» ላይ ያለችውን ቅጥያ አያለሁ። አጎቴ የካዕብን ቅጥያ ወደ ላይ ቀና ያደርጋታል። የኃምስን ቀለበት አይዘጋትም፤ እንደ መንጠቆ ትቀራለች። ሳድስ ላይ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም። «ል»፣ «ት»፣ «ክ» እያንዳንዳቸው የራሳቸው መንገድ ስላላቸው ካልተገኙ ግምት ነው። «ጰ» ደግሞ ከነቤተሰቡ በደብተሩ ውስጥ አንድም ቦታ የለም።

ልዩ ኪቦርድ ያስፈልጋል ወይ የሚሉኝም አሉ። አያስፈልግም። የእኛ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ ገብቶ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው። ፎንቱ የሚቀይረው መልኩን ብቻ ነው።

«ፎንቱ ያለው ሰው ልክ እንደ እሱ ይጽፋል።»

አይጽፍም። አንድ ገጽ ላይ «ሆዴ» የሚል ቃል ሦስት ጊዜ አለ። ሦስቱም ይለያያሉ፤ የመጨረሻው መስመሩ ስላለቀበት ተጨብጧል። ፎንት ግን ያንኑ «ሆ» ሺህ ጊዜ ይደግማል። ለአንድ ፊደል ሁለት ሦስት መልክ ሠርቶ እየተፈራረቁ እንዲመጡ ማዘዝ ይቻላል፤ እኔም እንደዚያ እያደረግሁ ነው። የእጁ ድካምና ጥድፊያ ግን ደብተሩ ላይ ነው ያለው። ለዚህ ነው ፎንቱ ሲያልቅ ደብተሩን ለሰው ስጠው ሲሉኝ የምቆጣው።

«ባለቤቱ ካረፈ ማን ይከለክላል?»

በ2018 እ.ኤ.አ. የኮርት ኮቤይን፣ የዴቪድ ቦዊ፣ የጆን ሌነን፣ የሊዮናርድ ኮኸንና የሰርዥ ጌንስቡር፣ የታወቁ የውጭ አገር ዘፋኞች፣ እጅ ጽሑፍ ፎንት ሆኖ በነፃ ተለቆ ነበር። አምስቱም በሕይወት አልነበሩም። ሆኖም በሕግ ምክንያት ከድረ ገጹ ማውረድ እንዲቆም ተደረገ። በእኛም አገር በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የግጥሙ ኢኮኖሚያዊ መብት ጸሐፊው ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ፎንቱ የሚይዘው ፊደሉን እንጂ ስንኙን አይደለም፤ ለማስተዋወቅ ስንኝ ስትለጥፉ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። እኔ ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብዬ በወረቀት ተፈራርሜአለሁ።

«የወሎ ዜማ በቃል ነው፤ ምን ጽሑፍ አለው?»

ይሄ ያሳዝነኛል። የወሎ መንዙማ በዐጀም፣ ማለትም በአረብኛ ፊደል በተጻፈ አማርኛ፣ ሲቀዳ ኖሯል። ያንን ፎንት ማድረግ ሌላ ሙያ ነው፤ ፊደሉ በቃሉ መጀመሪያ፣ መሀልና መጨረሻ ላይ መልኩን ይቀያይራል። አረብኛ የሌለው እንደ «ጨ» ያለ ድምፅ ሲመጣም ጸሐፊው ምን ምልክት እንደተጠቀመ ማየት ያስፈልጋል።

ዓለማዊውም ቢሆን ጽሑፉ አለ። የካሴት ሽፋን ላይ፣ የፎቶ ጀርባ ላይ ነው የሚገኘው። ባለፈው ሳምንት አክስቴ አንድ የሰርግ ፎቶ ይዛልኝ መጣች። ጀርባው ላይ በሰማያዊ እስክርቢቶ «ጳጉሜ 4» ይላል። የእሱ እጅ ነው። ገምቼ የሠራሁትን «ጳ» አጠፋሁት።