ማንሬሳ፦ ወንዝ ጠልፋ የቆመች የካታሎኒያ ከተማ

ማንሬሳ ከባርሴሎና በስተሰሜን ምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ነዋሪዋ 80 ሺህ ገደማ ነው። ከሥሯ የካርደኔር ወንዝ ያልፋል። በላቲን ሰነዶች ስሟ ሚኖሪሳ ነበር። ባርሴሎናን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው እንኳ ማንሬሳ ሲባል ግራ ይገባዋል። ይህ አይገባትም፤ ታሪኳ ከእኛው ነገሥታት ደጃፍ ድረስ ይደርሳል። (ዓመታቱም ወራቱና ቀናቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከተማዋን ከተማ ያደረጋት 14ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1328 ላ ሴው የተባለው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ከወንዙ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ መታነጽ ጀመረ። መሐንዲሱ በሬንጌር ደ ሞንታጉት ነበር። በባርሴሎና ሳንታ ማሪያ ዴል ማር የተባለውን ቤተ ክርስቲያን ከጀመሩት ሰዎችም አንዱ እሱ ነው።

ከዚያ ድርቅ መጣ። ሰውም እርሻውም ውኃ ጠማው። ካርደኔር እዚያው ቢሆንም ከከተማዋ በታች ስለሚፈስ ወደ ላይ የሚወጣበት መንገድ አልነበረም። ስለዚህ ሕዝቡ ሌላ ወንዝ፣ ዮብሬጋትን፣ ከሩቅ ጠልፎ ለማምጣት ቆረጠ። የአገሩ ንጉሥ ፔሬ በ1339 ፈቀዱ። ሴኪያ የሚባለው ይህ ቦይ ከባልሳሬኒ ተነሥቶ 26 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በዚያ ሁሉ መንገድ የሚወርደው 10 ሜትር ብቻ ነው። በኪሎ ሜትር ሲሰላ አንድ ክንድ አይሞላም! ትንሽ ቢሳሳቱ ውኃው ይተኛል፤ ወይም ዳሩን እየበላ ይሄዳል። ያን ልክ ያለ ዘመናዊ መሣሪያ መምታት ቀላል ሙያ አይደለም።

ቦዩ ግን በሳሌንት በኩል ማለፍ ነበረበት። መሬቱ ደግሞ የቪክ ጳጳስ ግዛት ነው። ጳጳሱ ጋልሰራን ሳኮስታ አላሳልፍም አሉ። ከተማዋ እምቢ ስትል አወገዟት። ማንሬሳ ግን ውኃዬን አለች። በየካቲት 21 ቀን 1345 ከሞንሴራት ተራራ በኩል ብርሃን መጥቶ ወደ ካርሜ ቤተ ክርስቲያን ገባ፤ ሦስት ሆኖ ተከፈለና መልሶ አንድ ሆነ ይባላል። ስለ ብርሃኑ የታሪክ ሰዎች ብዙ ይከራከራሉ። ግዝቱ መፈታቱና ቦዩ መቆፈሩ ግን አያከራክርም። ከተማዋ ዛሬም በየዓመቱ የካቲት 21 ቀን የብርሃኑን በዓል ታከብራለች። ዛሬም የምትጠጣው ያንኑ የሴኪያ ውኃ ነው። ከቦዩ ዳር ያለው የእግር መንገድ ጥላ ያለውና ሜዳ ነው፤ ልጅ ይዞ ለመሄድ ይመቻል።

ሁለተኛው ትልቅ ስም የኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች ኢግናሲዮስ ዘሎዮላ ነው። በመጋቢት 1522 ሞንሴራት ላይ ሰይፉን ለእመቤታችን አስቀመጠ። ልብሱን ለነዳያን ሰጥቶ ወደ ማንሬሳ ወረደ። ጥቂት ቀን ሊያርፍ አስቦ 11 ወር ያህል ቆየ። ለምኖ በላ፣ በሕሙማን ቤት አገለገለ፣ ከካርደኔር በላይ ባለ ዋሻ ጸለየ። ከዋሻው አካባቢ ሆነው አሻግረው ሲያዩ ሞንሴራት እንደ መጋዝ ጥርስ ተደርድሮ ይታያል። የመንፈሳዊ ልምምድ መጽሐፉን የጀመረው እዚህ ነው፤ የኢየሱሳውያን ማኅበርም መንፈሳዊ ሥሩ ማንሬሳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይኸው ሰው በ1555 ለአፄ ገላውዴዎስ ደብዳቤ ጽፏል። እሳቸው የአባቶቻቸውን ሃይማኖት አልለቀቁም። በኋላ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን።

የናፖሊዮን ጦር ስፔንን በወረረበት ጊዜ፣ በሰኔ 1808፣ ሕዝቡ የፈረንሳዮችን ማኅተም የያዘ ወረቀት አደባባይ አውጥቶ አቃጠለ። በ1811 የፈረንሳይ ጦር ከተማዋን አቃጠላት። ቀጥሎ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዘመን መጣ። በመጋቢት 1892 የካታሎኒያ ብሔርተኞች እዚህ ተሰብስበው የራስ አስተዳደር ጥያቄያቸውን በጽሑፍ አወጡ፤ ሰነዱ እስከ ዛሬ በከተማዋ ስም ይጠራል። ብርሃኑ ገባበት የተባለው የካርሜ ቤተ ክርስቲያን በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ፈርሶ እንደገና ተሠርቷል።

አሁን ማንሬሳን የሚያነቃንቃት ቅርጫት ኳስ ነው። ክለቧ በ1996 የንጉሡን ዋንጫ፣ በ1998 የስፔን ሊግን ወሰደ። በጀቱ ከትልልቆቹ ከተሞች ክለቦች በጀት ጋር አይወዳደርም ነበር። የ1998 ፍጻሜ ኮከብ ሆኖ የተመረጠው ጆአን ክረውስ ያኔ 41 ዓመቱ ነበር።