«ሞርፊን ጀመሩለት? በቃ አለቀለት» እና ሌሎች መስማት የሰለቹኝ ነገሮች

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ እንደ እኔ ፋርማሲስት ሆኖ የሚሠራ ሰው ሁለት ዓይነት ሐበሻ ደንበኛ አለው። አንደኛው የአባቱን የሞርፊን ማዘዣ ይዞ ይመጣል። አባትየው ካንሰሩ አጥንታቸው ውስጥ ገብቶ ሌሊቱን ሲያቃስቱ ነው የሚያድሩት። ልጅየው ግን «ይሄ ነገር ሱስ አያስይዛቸውም?» ብሎኝ መድኃኒቱን ሳይወስድ ይመለሳል። ሁለተኛው ከአዲስ አበባ በሰው ሻንጣ የመጣለትን ትራማዶል ከኪሱ ያወጣና «ይሄን ከእንቅልፍ ኪኒኔ ጋር ብውጠው ምን ይለኛል?» ይለኛል። የእኔን መልስ እንኳ አይጠብቅም። የሚያስፈራውን በድፍረት እየዋጥን ከሚያሳርፈው እንሸሻለን።

ኦፒዮይድ የሚባሉት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች ሞርፊን፣ ኦክሲኮዶን፣ ሜታዶን፣ ፌንታኒል፣ ኮዴይን፣ ትራማዶልና መሰሎቻቸው ናቸው። ስለ እነሱ ደጋግሜ የምሰማውን እዚህ ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ሞርፊን የታዘዘለት ሰው ተስፋ ተቆርጦበታል»

ሞርፊን የሚታዘዘው ለሕመሙ ብርታት እንጂ ለቀረው ዕድሜ አይደለም። ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ወጣት ለጥቂት ቀን ወስዳው ትተወዋለች። የካንሰር ሕመምተኛም መጠኑ እየታየ ከተሰጠው ዕድሜውን አያሳጥርበትም። እንዲያውም እንቅልፍ ያገኛል፣ ይበላል፣ ከልጆቹ ጋር ያወራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1977 የመጀመሪያውን የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ሲያወጣ ሞርፊን ገብቶበት ነበር። በ2017 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን ባወጣው ጥናት ደግሞ በዓለም ላይ በዓመት ከሚሠራጨው 298.5 ቶን ሞርፊንና አቻዎቹ ውስጥ ድሃ አገሮች የሚደርሳቸው 0.1 ቶን ብቻ ነው። አገር ቤት ያለው ዘመድ የሚጮኸው ይህን መድኃኒት አጥቶ ነው። እዚህ ያለው ደግሞ መድኃኒቱ ቀርቦለት ልጆቹ ይከለክሉታል።

«መድኃኒቱን ሲያቆም ላብ በላብ ሆነ፤ ለካ ሱሰኛ ነበር»

ይሄ ነው ደሜን የሚያፈላው።

የማውቃቸው አንድ ታክሲ ነጂ አሉ። የጀርባ አጥንት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ሕመሙ ሳይለቃቸው ቀረ። ኦክሲኮዶን ጠዋትና ማታ እየወሰዱ ለዓመታት መኪናቸውን ነድተዋል፣ ልጆቻቸውን ኮሌጅ አስገብተዋል። መጠኑን ከፍ አድርጉልኝ ብለው አያውቁም፣ ማዘዣቸውንም ከቀኑ ቀድመው ሊያስሞሉ መጥተው አያውቁም። ሐኪማቸው ጡረታ ሲወጡ የሄዱበት አዲስ ክሊኒክ «እኛ ይሄን አናዝም» ብሎ አሰናበታቸው። በሦስተኛው ቀን ሚስትየው ደወሉልኝ። ያዛጋሉ፣ አፍንጫቸው ይፈሳል፣ ተቅማጥ ይዟቸዋል፣ ሌሊቱን እግራቸውን ፍራሹ ላይ ሲያማቱ አደሩ። ወንድማቸው ከቨርጂኒያ ተጠርቶ መጥቶ ደግሞ በልጆቻቸው ፊት «ጋሼ፣ እንዲህ ዓይነት ሰው ነህ ብዬ አላሰብኩም ነበር» አላቸው።

ምን ዓይነት ሰው? ኦፒዮይድ አንጎል ውስጥ የንቃት ኬሚካል የሆነውን ኖርአድሬናሊንን ይጫነዋል። አንጎል ሚዛኑን ለመጠበቅ በዚያው ልክ ጉልበት ይጨምራል። መድኃኒቱ ድንገት ሲነሳ ያ የተጨመረ ጉልበት ሁሉ ይለቀቃል። ላቡም፣ ተቅማጡም፣ የእግር መወራጨቱም ከዚያ ይመጣል። ይህ ለሳምንታት በየቀኑ በወሰደ በማንኛውም ሰው ላይ ይደርሳል፣ ቄስም ይሁን ዳኛ። ክሎኒዲን የሚባለውን የደም ግፊት መድኃኒት በድንገት ያቆመ ሰው ግፊቱ ሽቅብ ይወጣል። ፕሬድኒሶን የሚባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት በድንገት ያቆመም ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። «የፕሬድኒሶን ሱሰኛ» ተብሎ የተሰደበ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሱስ የሚታወቀው በሌላ ነው። ሰውየው ልውሰድ ካለው በላይ ይወስዳል፣ ማቆም ፈልጎ ያቅተዋል፣ ሥራውና ቤቱ እየፈረሰ እያየ ይቀጥላል፣ ሕመሙ ሳይነሳ ሐሳቡ ሁሉ ኪኒኑ ላይ ነው። ይህ በኦፒዮይድ አይመጣም የሚል ካለ ደግሞ እሱም ይዋሻል። ለከረመ ሕመም ከሚወስዱት ውስጥ ከ8 እስከ 12 በመቶ የሚሆኑት ሱስ እንደሚይዛቸው በ2015 የታተመ የጥናቶች ግምገማ አሳይቷል። ትንሽ ቁጥር አይደለም። ግን «ሁሉም» ማለትም አይደለም።

የአሜሪካ ሐኪሞች ራሳቸው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሲወዛወዙ ኖረዋል። በ1980 በአንድ ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመች አምስት ዓረፍተ ነገር ያላት ደብዳቤ ነበረች። ሆስፒታል ተኝተው ኦፒዮይድ ከወሰዱ 11,882 ሕመምተኞች መካከል ሱስ የያዛቸው አራት ብቻ ናቸው ትላለች። ሆስፒታል ስለተኙ ሰዎች የተጻፈውን ለዓመታት ቤቱ ለሚወስድ ሰው ማስረጃ አደረጉት። ኦክሲኮንቲን የተባለው የኦክሲኮዶን ኪኒን በ1996 ገበያ ሲወጣ እንደ ከረሜላ ታዘዘ። አምራቹ ፐርዱ ስለ ሱስ አስያዥነቱ በማሳሳቱ በ2007 ፍርድ ቤት ጥፋተኝነቱን አምኗል። ከዚያ ድንጋጤው መጣ። በ2016 የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲዲሲ በቀን ከ90 ሚሊግራም ሞርፊን አቻ በላይ ከማዘዝ በፊት ሐኪሞች በደንብ እንዲያስቡበት ምክር አወጣ። ምክሩን እንደ ሕግ የያዙ ክሊኒኮች ደህና የነበረውን ሕመምተኛ ሁሉ ቆረጡት። የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ በ2019 በድንገት ማቋረጥ ለከባድ ሥቃይና ራስን እስከ ማጥፋት እንደሚያደርስ አስጠነቀቀ፣ ሲዲሲም በ2022 ምክሩን አሻሻለ። የታክሲ ነጂው ክሊኒክ ግን ወሬው የደረሰው አይመስልም።

እንግዲህ ስሙኝ። ሐኪማችሁ ሊለቅ ወይም ኢንሹራንስ ልትቀይሩ ከሆነ ኪኒኑ ሳያልቅ አስቀድማችሁ ንገሩ፣ ስለ ሕክምናችሁ የተጻፈ ደብዳቤ ተቀበሉ። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው መቀነስ ካለበት በወር 10 በመቶ ወይም ከዚያም በዝግታ ነው፣ ሰውነቱ ሲያስቸግር ደግሞ ባለበት ቆም ይባላል። ጸበል መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፣ ኪኒኑን ግን ቤት ጥሎ አይሂድ። በእውነት ሱስ የያዘው ሰው ካለም በቡፕረኖርፊንና በሜታዶን ይታከማል። ስድብ እስካሁን ያዳነው ሰው የለም።

«ትራማዶል ጠንከር ያለ ፓራሲታሞል ነው»

ትራማዶል ኦፒዮይድ ነው። በዚያ ላይ እንደ ድብርት መድኃኒት ሴሮቶኒን የሚባለውን የአንጎል ኬሚካል ያነካካል፣ የሚጥል በሽታ የሌለበትን ሰው እንኳ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ሰርትራሊንን ከመሰሉ የድብርት መድኃኒቶች ጋር ሲደረብ አደጋው ይብሳል።

እኛን በተለይ የሚመለከት ነገርም አለ። ኮዴይንና ትራማዶልን ጉበት ውስጥ ወደ ጠንካራው ቅርጻቸው የሚለውጥ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም አለ። በ1996 በታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት የዚህን ኢንዛይም ዘረመል ተባዝቶ ይዘውታል። ከአውሮፓውያን ጋር ሲነጻጸር በጣም ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ኮዴይን ሲውጥ ሰውነቱ ሌላው ከሚያመርተው የበለጠ ሞርፊን ባንድ ጊዜ ያመርታል። ለዚህ ነው በአራስ ልጅ ላይ የማልቀልደው። ኤፍዲኤ በ2017 ሁለቱም ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጡ ከልክሏል፣ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱ አስጠንቅቋል። አንዲት እናት ከአገር ቤት የመጣ ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕ ይዛ ለአራት ዓመት ልጇ መጠኑን ስትጠይቀኝ ጠርሙሱን አልመለስኩላትም። ተቀየመችኝ፤ ትቀየም።

በሻንጣ የምትልኩም አስቡበት። አሜሪካ ውስጥ ትራማዶል ከ2014 ጀምሮ ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው። ወደ ዱባይ ያለ ፈቃድ ይዞ የገባ ሰውም በአደንዛዥ ዕፅ ሊታሰር ይችላል። «የእናቴ መድኃኒት ነው» የሚለው መልስ ፖሊስ ጣቢያ አይሠራም።

«እግሬ አላስተኛ አለኝ ማለት የድካም ነው»

እማማ አንዷ «ቅዳሴ ስቆም ደህና ነኝ ልጄ፣ ልተኛ ስል ነው የሚነሳብኝ» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ የሕመም ገለጻ ከሐኪም አፍ አልሰማሁም። ሕመሙ «ረስትለስ ሌግስ ሲንድሮም»፣ ማለትም ዕረፍት የሚያጣ እግር፣ ይባላል። እግር ውስጥ የሚወር፣ የሚበላ፣ የሚቆረጥም ነገር ይሰማል፣ ሲያርፉ ይነሳል፣ ሲራመዱ ይለቃል፣ ማታ ይብሳል። ድካም ቢሆን ኖሮ መተኛት ያሳርፈው ነበር። የጡንቻ መኮማተርም አይደለም፣ ነርቮቻቸው ተነክተው እግራቸው ከሚቃጠልባቸው የስኳር ሕመምተኞችም የተለየ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ በ1672 ጽፎታል፣ ያኔም ያከመው ከኦፒየም በተሠራ መድኃኒት ነው። እርጉዞችና ኩላሊት የሚያጥቡ ሰዎች ላይ ይበዛል።

እማማ ደም ተመርምረው «ኖርማል ነው» ተብለዋል። ወረቀቱን አምጡ አልኳቸው። ፌሪቲን፣ ማለትም የተከማቸው ብረት፣ 22 ነበር። ላቦራቶሪው ከ15 በላይ ያለውን ኖርማል ይላል፣ ለዚህ ሕመም ግን 75 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ብረት መስጠት ይመከራል። ቁጥሩን ራሳችሁ ጠይቁ እላለሁ፣ «ኖርማል» የሚል ቃል ተቀብላችሁ አትመለሱ።

«የጤፍ እንጀራ እየበላሁ ብረት እንዴት ያንሰኛል?» ይሉኛል። ጤፍ ላይ የሚለካው ብረት ከፊሉ ከአውድማው አፈር የመጣ ነው። የራሱ የጤፉንም ቢሆን ፋይቴት የሚባለው ንጥረ ነገር እንዳንመጥጠው ይይዝብናል። ምግቡ ላይ ሻይና ቡና ሲደረብበት የባሰ ነው። የብረት ኪኒን ከቡናው ራቅ አድርጋችሁ ውሰዱ፣ ያለ ምርመራ ደግሞ አትጀምሩ።

እንቅልፍ እንዲያመጣ ብላችሁ ከመደርደሪያ የምታነሱት ቤናድሪልና «ፒኤም» የተጻፈበት ታይሌኖልም እግሩን ያባብሰዋል። እማማ በየማታው እሱን ነበር የሚውጡት።

ከብረቱ ቀጥሎ ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን የሚባሉት የነርቭ መድኃኒቶች ይሞከራሉ። እንደ ዶፓሚን የሚሠሩት ፕራሚፔክሶልና ሮፒኒሮል ለብዙ ዓመት የመጀመሪያ ምርጫ ነበሩ። መጀመሪያ ተአምር ይሠራሉ፣ ውሎ አድሮ ግን ሕመሙ ከማታ ወደ ከሰዓት ይመጣል፣ ከእግር ወደ ክንድ ይወጣል፣ ሐኪሙም መጠኑን እየጨመረ ያባብሰዋል። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2025 ባወጣው መመሪያ እነዚህን በመደበኛነት መስጠት አይመከርም ብሏል። ይህ ሁሉ ላልሠራለት ሰው ነው ትንሽ ኦፒዮይድ የሚመጣው። አውሮፓ ውስጥ ኦክሲኮዶንን ከናሎክሶን (የኦፒዮይድ ማርከሻ) ጋር የያዘ ኪኒን ለዚሁ ተፈቅዷል፣ እዚህ ደግሞ ሜታዶን በትንሽ መጠን፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀን 5 ወይም 10 ሚሊግራም፣ ይታዘዛል። «ሜታዶን የሄሮይን ሰዎች መድኃኒት አይደለም እንዴ?» ለሄሮይን የሚሰጠው መጠን የዚህን አሥር እጥፍም ሊሆን ይችላል። ሜታዶን የልብ ምትን ሊያዛባ ስለሚችል ግን ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ሳትነሡ አትጀምሩት። ትራማዶል ለእግር ይሻላል ያላችሁ ካለ ደግሞ እሱም ሕመሙን እንደሚያባብስ ተዘግቧል።

የቀሩትን በአጭሩ

«የሆድ ድርቀቱ ይለመዳል።» ማቅለሽለሹ ይለመዳል፣ ድርቀቱ አይለመድም። ሴና የሚባለውን የሆድ ማለስለሻ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሩ።

«ፕላስተሩ ከኪኒን ይቀላል።» 25 የተጻፈበት የፌንታኒል ፕላስተር በቀን ቢያንስ 60 ሚሊግራም ሞርፊን እንደ መዋጥ ነው። ለጎረቤት አይሰጥም፣ ማሞቂያም አይደረግበትም።

«አንድ ብርሌ ጠጅ ምን ያደርጋል?» ትንፋሽ ያቆማል። እንደ ቫሊየምና ዛናክስ ያሉት የማረጋጊያ ኪኒኖችም እንደዚያው።

«ናርካን ቤት ማስቀመጥ ያሳፍራል።» ናርካን ኦፒዮይድ በዝቶበት ትንፋሹ ላቆመ ሰው አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ ማርከሻ ነው፣ ከ2023 ጀምሮ ያለ ማዘዣ ይሸጣል። አያት ኪኒን በሚወስዱበትና የልጅ ልጅ በሚድህበት ቤት ሊኖር ይገባል።

«የተረፈውን ለክፉ ቀን አስቀምጠዋለሁ።» ክፉውን ቀን ራሱ ያመጣዋል። ፋርማሲው መመለሻ ሣጥን ካለው እዚያ ጣሉት። ከሌለ ሞርፊን፣ ኦክሲኮዶን፣ ሜታዶንና የታጠፈ የፌንታኒል ፕላስተር ሽንት ቤት ገብተው ውኃ ይለቀቅባቸዋል፣ ኤፍዲኤ ራሱ የሚለው ይህንኑ ነው። ትራማዶሉን ደግሞ ከቡና አተላ ጋር ቀላቅላችሁ በላስቲክ አሽጉና ቆሻሻ ውስጥ ጨምሩት።