አይብ አይቀልጥም! ስለ ፒዛ ዲፕ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለልደትና ለክርስትና ድግስ አበስላለሁ። ሰሞኑን የሚበዛው ትእዛዝ የፒዛ ዲፕ ነው፤ ከሥር ክሬም ቺዝ፣ ከመሃል የቲማቲም ስጎ፣ ከላይ ሞዛሬላ ተደርጎ፣ በትኩሱ በዳቦ እየተጠቀሰ የሚበላው። ከትእዛዙ ጋር ምክርም ይመጣል፦ «ምን ውድ ቺዝ ያስገዛል? የኛው አይብ ይቀልጣል እኮ፣ እሳቱን ጨመር ማድረግ ነው!»

ኧረ በማርያም፣ አይቀልጥም! አይብ የሚወጣው ቅቤው ከተናጠለት ኮምጣጣ አሬራ ነው። አሬራው ሲሞቅ ኮምጣጣነቱና ሙቀቱ ተባብረው የወተቱን ፕሮቲን አጥብቀው ያያይዙታል። ደግማችሁ እሳት ብታሳዩት ውሃውን ተፍቶ ይደርቃል እንጂ አይላላም። ሞዛሬላ ግን በኢንዛይም ከረጋ ወተት ተሠርቶ፣ በሙቅ ውሃ እየታሸ የተለጠጠ ነው፤ ስቡም ከአይብ ይበልጣል። ስለዚህ ሲሞቅ ይቀልጣል። ፕሮቮሎን የሚባለው የጣሊያን ቺዝም እንደዚያው።

አንዲት ደንበኛዬ አልሰማ ብላ በአይብ ጋገረችው። ከላይ ደረቅ ፍርፋሪ፣ ከታች ውሃ። ደውላ «ኦቨኑ ነው ያበላሸብኝ» አለችኝ። ኦቨኑ ምን አጠፋ?

አይብ የግድ ካላችሁ ቦታው ከሥር ነው፤ በንጹሕ ጨርቅ ጨምቃችሁ ከትንሽ ክሬም ጋር በብሌንደር ፍጩት። ለዐሥር ሰው ሁለት ኩባያ አይብ፣ አንድ ተኩል ኩባያ ስጎ፣ ሁለት ኩባያ የተፈቀፈቀ ሞዛሬላ። በ180 ዲግሪ 20 ደቂቃ ያህል፤ ዳር ዳሩ ሲንተከተክ አውጡት። ከዚያ ካለፈ ቺዙ ቅባቱን ይለቃል።

«ኦቨን ከሌለ አይሆንም።» ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት እየተደረገለት በሚጋገርበት አገር! ወፍራም ድስት፣ የብረት ክዳን፣ ክዳኑ ላይ ፍም። በቃ።

«ጥሬ ቲማቲም ከትፎ መጨመር ይበቃል።» ሾርባ ትበላላችሁ። ከተማችን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ስጎውም ከቆላ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ መንተክተክ አለበት። ድስቱን በማንኪያ ስትሰምሩት መስመሩ ቶሎ ካልገጠመ ደርሷል።

«ያለ ፔፐሮኒ ፒዛ ፒዛ አይልም።» ፔፐሮኒ ቅመም የገባበት ቋሊማ ነው፤ አብዛኛው የአሳማ ሥጋ አለበት፤ እንግዶቻችሁ አይነኩትም። ጣዕሙ የኦሬጋኖ፣ የነጭ ሽንኩርትና የበሶብላ ነው።

«የጎጃም ቅቤ ጣል ይደረግበት።» አይደረግም። የተነጠረ ቅቤ በኮሰረቱና በኮረሪማው ቲማቲሙን ይውጠዋል።

«ጠዋት ጋግሮ ማታ ማሞቅ ይቻላል።» የቀዘቀዘ ሞዛሬላ እንደ ቆዳ ነው። ደርድራችሁ ፍሪጅ አስገቡት፤ የሚጋገረው እንግዳ ሲገባ ነው። ለመጥቀሻ የትናንት ድፎ በስሱ ተቆርጦ ይጠበስ፤ ትኩስ ዳቦ ዲፑ ውስጥ ተቆርጦ ይቀራል።