«ትለምጂዋለሽ» ሲሉን፦ ስለ ሳይካትሪ ነርሶች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ውስጥ ሳይካትሪ ዎርድ፣ የአእምሮ ሕሙማን በሚተኙበት ክፍል፣ ነርስ ሆኜ እሠራለሁ ስል ሰው ወይ ይስቃል፣ ወይ «እግዜር ይርዳሽ» ብሎ ወሬ ይቀይራል። ባጃጅ ውስጥ፣ ቡና ላይ፣ ለቅሶ ቤት የምሰማቸውን አንዳንድ አባባሎች ላንሳ። ግማሾቹን የምንላቸው እኛው ነርሶቹ ነን።

«ቆይ፣ ትለምጂዋለሽ»

የሚለመደው ጫጫታው ነው። በር ሲደበደብ፣ ሌሊት ሲዘፈን መደንገጥ እየቀረ ይሄዳል። ሰውየው ግን አይለመድም። ቤተሰቡ ከገጠር አስሮ ያመጣው አንድ ልጅ ነበር። የታሰረበት የበሬ ገመድ ነው፤ ዝናብ ስለመታው ቋጠሮው አልፈታ ብሎኝ በመቀስ ቆረጥኩት። ከሥሩ ቆዳው ተልጧል። እጁ እንደተፈታ መጀመሪያ ፊቴ ላይ ተፋብኝ፤ ቀጥሎ «ነ ገርጋሪ» አለኝ፣ እርጂኝ ማለቱ ነው። አባቱ ጥግ ላይ ቆሞ እኔን ይቅርታ ይጠይቅ ወይስ ልጁን ያቅፍ ጠፍቶታል። ፊቴን ታጠብኩ፤ ከዚያ የእጁን ቁስል አጠብኩለት። ከእሱ በኋላ ስንቱን ተቀብያለሁ፤ ዛሬም መንገድ ላይ የታሰረ በግ ሳይ ዓይኔ የሚሄደው ቋጠሮው ላይ ነው።

«የታካሚው ስድብ ከበሽታው ስለሆነ ነርሶቹን አያማቸውም»

ይህን ለተማሪዎች እኛው እናስተምራለን። ግን የታመመ ሰው ሁልጊዜ የሚቀባጥር የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። አንዲት ታካሚ ማታ ክኒን ስሰጣት «የሰው ልጅ ስትጠብቂ የራስሽን ማን ያዘልሽ?» አለችኝ። ልጄን አተኩሷት ጎረቤት ጋ ትቻት ነበር የመጣሁት። ይህንን ታካሚዋ በምንም መንገድ ልታውቅ አትችልም፤ እጄ ግን ተንቀጠቀጠ። ጭንቅላት «በሽታው ነው» ይላል፤ ሆድ ካርድ አያነብም።

«ጥሩ ነርስ ስሜቷን አታሳይም»

አሜሪካዊቷ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ አርሊ ሆክሺልድ እ.ኤ.አ. በ1983 የበረራ አስተናጋጆችን ሥራ ስትመረምር፣ ፈገግታው ራሱ የሥራው አካል እንደሆነና ሰውን እንደሚያደክም አሳይታለች። እኛ በፈገግታ ፋንታ የምንለብሰው እርጋታን ነው። እርጋታው የግድ ነው። ስለ ነርስና ታካሚ ግንኙነት እ.ኤ.አ. በ1952 የጻፈችው አሜሪካዊቷ ነርስ ሂልዴጋርድ ፔፕላው ጭንቀት ከሰው ወደ ሰው እንደሚጋባ ታስተምር ነበር፤ እኔ ከተወጠርኩ ታካሚውም ይወጠራል። ታዲያ እርጋታ መልበስና ስሜት አለመኖር ለየቅል ናቸው። የለበስነውን የምናወልቅበት ቦታ ያስፈልገናል፤ ተረኛ ስንቀያየር የስንቱ ታካሚ እንቅልፍና ምግብ ይወራል፣ «ትናንት ፈርቼ ነበር» ለማለት ግን ሁላችንም እናፍራለን።

«የምትፈራ ከሆነ ሥራው የእሷ አይደለም»

እኔን የምታሰጋኝ የማትፈራዋ ናት። በሩን ከኋላዬ ትቼ የምቆመው፣ ልብ ማዳመጫዬን (ስቴቶስኮፕ) አንገቴ ላይ የማላንጠለጥለው ስለምፈራ ነው።

«አስረው መርፌ ከወጉት በኋላ ይገላገላሉ»

ይሄ ያናድደኛል። ማረጋጊያው መድኃኒት ሃሎፔሪዶል ጡንቻ ላይ ተወግቶ ወዲያው አያረጋጋም፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ያ ጊዜ አያልፍም። ማሰሪያው አጥብቆት እንደሆነ ጣቶቹን እነካለሁ፣ ትንፋሹን እቆጥራለሁ፣ እሱ ደግሞ ያየኛል። ያን ልጅ የአባቱን ገመድ ቆርጬለት፣ በዚያው ሌሊት ቁስሉን በፋሻ ጠቅልዬ በጨርቅ ያሰርኩት እኔው ነኝ። ሌላውን ታካሚ ሊመታ ስለነበር ትክክል ነበር። ትክክል መሆኑ ግን ጠዋት ወደ ቤት ስሄድ አላቀለለኝም።

«ከእብድ ጋር የዋለ ያብዳል»

የአእምሮ ሕመም እንደ ጉንፋን አይጋባም። የሚደርስብን ሌላ ነገር ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በበሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር በተያያዘ ክስተትነት የገለጸው መዛል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ ኃይል ማለቅ፣ ከሥራው በልብ መራቅ፣ ምንም አልጠቅምም የሚል ስሜት። እኔ የምፈራው ሁለተኛውን ነው፤ እኔን ሲይዘኝ ሰውን በስሙ መጥራት እተዋለሁ።

ልጁ ተሽሎት የወጣ ዕለት አባትየው ቢሮ መጥቶ የጠየቀኝ ስለ መድኃኒቱ አልነበረም። «ሲስተር፣ ገመዴስ?» አለኝ፤ ለካ በሬው የሚታሰረው በዚያ ነው። ሳጥን ውስጥ ነበር፤ ለሁለት የተቆረጠውን አውጥቼ ሰጠሁት። ሁለቱን ጫፍ ቋጠረና ትከሻው ላይ ጣለው። ልጁ ከፊት ቀድሞ ባጃጅ ያስቆማል።