«መንፈስስ ተዘጋጅታለች፥ ሥጋ ግን ደካማ ነው»

በማለዳ ሊነሣ ቆርጦ አልጋው ላይ የቀረ ወይም ዳግመኛ ላያደርገው የማለውን ነገር የደገመ ሰው፣ ግማሽ በቀልድ ግማሽ በኀፍረት የሚጠቅሰው ይህ አባባል ምንጩ ማቴዎስ 26፥41 ነው፤ በማርቆስ 14፥38ም ይገኛል።

አባባሉን ለመፍታት አስቀድሞ «መንፈስ» የሚለውን ቃል መፍታት ያስፈልጋል። ሥሩ «ነፈሰ» ነው፤ ነፋስ፣ ነፍስ፣ ትንፋሽና እስትንፋስም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። እንዲያውም «ነፋሱ መንፈስ ጀመረ» ስንል፣ ረቂቁን ነገር የምንጠራበትን ቃል አንዲት ፊደል ሳንለውጥ ለአየር እንቅስቃሴ እናውለዋለን። ይህ ዝምድና የእኛ ብቻ አይደለም፤ የዕብራይስጡ ሩሐ እና የግሪኩ ፕኔውማ ነፋስንም እስትንፋስንም መንፈስንም ያመለክታሉ፣ የላቲኑ ስፒሪቱስም የመጣው «ተነፈሰ» ከሚለው ግስ ነው። እስትንፋስ ሳይታይ ሕያውን ከሙት የሚለይ በመሆኑ፣ በሰው ውስጥ ላለው የማይታይ ነገር ሁሉ ስም ቢሆን አያስደንቅም።

ከዚያ በኋላ ቃሉ ብዙ ቦታ ገብቷል። «ርኩስ መንፈስ» ሲባል ሥጋ የሌለው ፍጥረት ነው፤ «መንፈሱ ታወከ» ሲባል ስሜት፣ «የሕጉ መንፈስ» ሲባል ደግሞ ከፊደሉ በስተጀርባ ያለው ዓላማ ነው።

በአባባላችን ውስጥ ያለው መንፈስ ግን፣ እንደ እኔ አረዳድ፣ የሰው የራሱ ፈቃድ ነው። ጴጥሮስ ከጌታው ጋር መሞት እንኳ ቢያስፈልገው እንደማይክደው ተናግሮ ብዙም ሳይቆይ በጌቴሴማኒ ተኝቶ ተገኘ፤ ቃል የገባችው መንፈስ ነበረች፣ ያንቀላፋው ሥጋ። በ«መንፈስስ» መጨረሻ ላይ የተቀጠለችው «ስ» ይህንኑ ንጽጽር ታጎላለች፤ «መንፈስ እንኳ ዝግጁ ናት፣ ችግሩ ወዲያ ነው» እንደ ማለት ነው።

የሚያሳዝነው ግን አባባሉ ከቦታው ሲነሣ ግማሹ መቅረቱ ነው። ሙሉው ዐረፍተ ነገር የሚጀምረው «ወደ ፈተና እንዳትገቡ ትጉና ጸልዩ» በሚል ትእዛዝ ሲሆን፣ የሥጋ ድካም የተጠቀሰውም ለመትጋት ምክንያት ሆኖ ነበር፤ ዛሬ ግን ላለመትጋት ማመካኛ ሆኖ ይነገራል።