የነርቭ ማነቃቂያ ሽቦ ሲቀየር ምን ኮድ ይሞላል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ብርሃን ተቀምጠው ለአሜሪካ ክሊኒኮች ቢሊንግና ኮዲንግ፣ ማለትም የተሰጠውን ሕክምና በኮድ ሞልቶ ከኢንሹራንስ ክፍያ መጠየቅ፣ ለመሥራት የሚማሩ ልጆች አሉ። ብዙዎቹን የሚያደናግራቸው ለከባድ የጀርባ ሕመም አከርካሪ ውስጥ የሚተከለው የነርቭ ማነቃቂያ (በሽቦ ኤሌክትሪክ እየላከ ሕመሙን የሚያስታግስ መሣሪያ) ነው፤ በተለይ ሽቦው ሲቀየር።

«አሮጌው ወጣ፣ አዲሱ ገባ፤ ስለዚህ ሁለት ኮድ ነው።»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የሕክምና ሥራዎች በሚሞሉበት ሲፒቲ በሚባለው የኮድ ዝርዝር 63661 ማውጣት፣ 63650 መትከል ስለሆነ ሁለቱን አንድ ላይ መላክ ትክክል ይመስላል። አይደለም። በመርፌ የገባ ሽቦ እዚያው በነበረበት የአከርካሪ አጥንት ከፍታ ላይ ሲስተካከል ወይም ሲቀየር ኮዱ 63663 ብቻ ነው። ማውጣቱም መትከሉም እሱ ውስጥ አለ። ነጣጥላችሁ ከጠየቃችሁ ክፍያው ይከለከላል፤ ከተደጋገመ ደግሞ ኦዲት ይመጣል።

የቀዶ ሕክምናው ማስታወሻ ርዕሱ «ማውጣትና መትከል» ሊል ይችላል። እሱን አይታችሁ አትቸኩሉ። ወደ ውስጥ ግቡ። የድሮው ሽቦ ምን ዓይነት ነበር? አዲሱ በየት በኩል ገባ? ጫፉ የት ላይ ቆመ? ካልተጻፈ ሐኪሙ ይጠየቃል እንጂ በግምት አይሞላም።

«ሽቦ ያው ሽቦ ነው» የሚሉም አሉ። ፓድል የሚባለው ጠፍጣፋው አጥንት ተከፍቶ ነው የሚገባው፤ የእሱ ቅየራ 63664 ነው። ለሙከራ የገባ ጊዜያዊ ሽቦ ሲወጣ ግን 63661 አይሞላም።

«የማነቃቂያው ባትሪስ?» በአዲስ ከተተካ 63685 ይጨመራል። የድሮው ባትሪ ከአዲሱ ሽቦ ጋር ስለተገጠመ ብቻ ይህን ኮድ አትጠይቁ።

«ምክንያቱ የጀርባ ሕመም ከተባለ ይበቃል።»

አይበቃም። ኢንሹራንሱ ማወቅ የሚፈልገው ሽቦው ለምን እንደተቀየረ ነው። ይህም የሚሞላው በሌላ ኮድ፣ በምርመራ ውጤት ኮድ ነው፦ ከተሰበረ ቲ85.112ኤ፣ ከቦታው ከተንሸራተተ ቲ85.122ኤ። መጨረሻ ላይ ያለችውን «ኤ» ለመጀመሪያ ቀጠሮ ብቻ አድርገው የሚይዟት ብዙ ናቸው። እሷ የምትገባው ለችግሩ ዋናው ሕክምና እየተሰጠ እያለ ነው። ሽቦው ከዓመታት በኋላ ቢሰበርም፣ ሐኪሙ ሌላ ቢሆንም፣ ለቅየራው ቀዶ ሕክምና ያው «ኤ» ነው።

«ይህን ከተማርኩ እዚሁ ሆስፒታልም እቀጠርበታለሁ» የሚለው ነገር በጣም ያሳስበኛል፤ ቤተሰብ ተቸግሮ ነው የኮርሱን ብር የሚከፍለው። ሲፒቲ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ኮድ ነው። ሸዋ ሮቢት ወይም መሐል ሜዳ ያለ ሆስፒታል ለማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሂሳብ ሲያቀርብ 63663 ብሎ አይሞላም። እዚህ ለመቀጠር የምታስቡ ካላችሁ፣ ኮርሱን ከመክፈላችሁ በፊት ሆስፒታሉ ሂሳቡን በምን ፎርም እንደሚያወራርድ ሄዳችሁ ጠይቁ።